ከጎሬ የመጣ ጥያቄ፤ የጠፋው ኢሜይል የት ገባ?



ባለፈው ሰሞን ከጎሬ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የሚያገለግል ወጣት ነው። ነገሩን አሳጥሬ ላቅርበው። ዝናቡ መብራቱን ሲያጠፋና ሲያበራ በሰነበተበት ሳምንት፥ ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ አፕዴት ማድረግ ጀመረ። በማግሥቱ ሲከፍተው ዴስክቶፑም የኢሜይሉ ሣጥንም ባዶ ሆነው አገኛቸው። ከጠፉት ደብዳቤዎች ሁሉ አጥብቆ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ከሁለት ዓመት በፊት ለትምህርት ዕድል እንዲሆነው የጻፉለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። መምህሩ ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል፤ እንደገና ይጻፉልኝ ሊል አይችልም። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ነው። መቱ ወርዶ ለአንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ቢያሳየው፥ «ፎርማት እናድርገውና እንደ አዲስ ይሆናል» አለው። «ልስጠው ወይስ ልተወው?» ሲል ይጠይቀኛል።

የመለስኩለት በዚያው ቀን በስልክ ነው፤ ነገሩ የመጽሔቱን መውጫ ቀን የሚጠብቅ አልነበረምና። የመጀመሪያው ቃሌ «አትስጠው» የሚል ሆነ። ፎርማት ማለት ዶሴ የጠፋበትን ክፍል ጠርጎ በአዲስ ወረቀት መሙላት ነው። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ምክር ሰምቼ የአራት ዓመት ጽሑፍ አጥቻለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ግን በእውነት እንደ አዲስ ሆኖ ነበር።

አሁን ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ለደረሰብህና ለሚደርስብህ ለአንተ ልጻፍ።

በአገራችን ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን የሚቀበለው በቤቱ ደጃፍ ሳይሆን ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ነው። ይህን ካሰብህ የኢሜይልን ጠባይ ለማወቅ አይቸግርህም። አንዱ ሰው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤውን እዚያው ቆሞ ያነብና መልሶ በሣጥኑ ይተወዋል። ይህ አይማፕ የሚባለው አሠራር ነው። ሌላው ሣጥኑን ጠርጎ ሁሉንም ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ይህ ደግሞ ፖፕ ይባላል። የፊተኛው ቤቱ ቢፈርስም ደብዳቤው ፖስታ ቤት አለ። የኋለኛው ግን «ቅጂ በሰርቨሩ ላይ ተው» ብሎ ካላዘዘ፥ ደብዳቤው ያለው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆንህ ሳታውቅ ኮምፒዩተርህን ለማንም አታስነካ።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በስልክህ ወይም በባልንጀራህ ኮምፒዩተር ብራውዘር ከፍቶ በራስህ አድራሻ መግባት ነው። ደብዳቤው እዚያ ከታየህ ምንም አልጠፋህም፤ የተበላሸው መስኮቱ ነው። በጂሜይል ከሆነ «ኦል ሜይል» የሚለውን ክፍል እይ፤ ቅርጫቱንም ፈትሽ። ከቅርጫት የገባ 30 ቀን ሲሞላው ይሰረዛልና እዚህ ላይ አትዘግይ። አዲስ ደብዳቤ የማይገባልህ እንደሆነ ደግሞ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሞልቶ እንዳይሆን ተመልከት።

አውትሉክ የምትጠቀም ከሆነ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሮግራሙ አካውንቱን እንደ አዲስ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚያወርደው የአንድ ዓመት ደብዳቤ ብቻ ነው። ባለቤቱም «የሦስት ዓመት ደብዳቤዬ ተሰረዘ» ብሎ ይጮኻል፤ በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ ልኩን «ሁሉም» ወደሚለው ቢገፋው ግን ተመልሶ ይመጣል።

ዊንዶውስ ከአፕዴት በኋላ አንዳንድ ጊዜ የባለቤቱን ክፍል መክፈት አቅቶት ጊዜያዊ ክፍል ይሰጠዋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ይህንኑ በብዙ ሰዎች ላይ አድርጓል፤ ንብረታቸው ሁሉ የጠፋ መሰላቸው፤ ፋይሉ ግን «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ስሙ ተለውጦ ተቀምጦ ነበር። በጊዜያዊው ክፍል ሳለህ የምትጽፈው ስትወጣ አብሮ ይጠፋልና ምንም አትሥራበት፤ ኮምፒዩተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍተህ አብራው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ በደኅና አያልፍም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል በእርግጥ በመሰረዙ ማይክሮሶፍት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞታል።

ትልቅ አፕዴት ከሆነ የቀድሞው ዕቃ «ዊንዶውስ.ኦልድ» በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። የሚቆየውም ለ10 ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጠርገዋል። ጎሬ ቡናዋን በበቅሎ ጭና ወደ ጋምቤላ ታወርድ በነበረበት ዘመን ደብዳቤ አንድ ወር ቢዘገይ በመንገድ ላይ እንዳለ ይታመን ነበር። በዚህ ግን 10 ቀን 10 ቀን ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ ደብዳቤው ሳይጠፋ በሩ ተዘግቶበት ይቸገራል። የዊንዶውስ «ሜይል» የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አገልግሎቱ አብቅቷል፤ በእርሱ ላይ የነበርህ ከሆነ ፕሮግራሙን ለመጠገን አትድከም፥ ወደ ሌላ ተሻገር። ጉግልም የቆዩ ፕሮግራሞች በተራ የይለፍ ቃል ብቻ እንዳይገቡ ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መከልከል ስለጀመረ፥ የይለፍ ቃልህን ደጋግሞ የሚጠይቅህ አንተ ስለተሳሳትህ ላይሆን ይችላል።

የቀኑን ነገር ደግሞ አትናቅ። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ይዛባል። አንዳንዱ ትጉህ ሠራተኛ ደግሞ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ይሞላዋል! ኮምፒዩተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለስና የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት «ገና ቀኑ አልደረሰም» ብሎ አልቀበልም ይላል። እንዲህ ያለውን አንድ ቢሮ አውቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴሌን ሲወቅሱ ነበር።

ወደ ጎሬው ወጣት ልመለስ። በስልኩ ብራውዘር ሲገባ ያገኘው የሁለት ሳምንት ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ ሣጥኑን የሚጠርገው ፖፕ ነው ማለት ነው። «ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር ሲከፍት ግን በራሱ ስም የቆየው ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ በላቲን ፊደል ኮከብ፥ ነጥብና ፒ.ኤስ.ቲ. ጽፎ ሲፈልግ የአውትሉክ ፋይሉ ወጣ። ወዲያው እንዳይከፍተው ለመንሁት፤ አስቀድሞ ወደ ፍላሽ ገለበጠው። ቅጂውን ሲከፍት «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለው፤ መብራቱ የጠፋው በመጻፍ ላይ ሳለ ኖሯል። ከአውትሉክ ጋር አብሮ የሚመጣ «ስካን ፒ.ኤስ.ቲ.» የሚባል መጠገኛ አለ፤ በቅጂው ላይ አሠራው። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። የጠፋም አለ፤ ከነሐሴ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ርእሳቸው ብቻ ቀረ። የመምህሩ ደብዳቤ ግን ከነፊርማው ወጣ።

ማመልከቻውን የላከው ቀኑ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ደብዳቤው አሁን አንድ ቅጂ በጂሜይል፥ አንድ በፍላሽ፥ አንድም ታትሞ በእናቱ ሣጥን ውስጥ አለው። ውጤቱ ገና አልደረሰም።