ለጀማሪ የተከፈተ ደጅ ጥበብን ያዋርዳልን?

ነገርን ነገር ያነሣዋል እንዲሉ፥ በጃፓን አገር ለጀማሪ ተመልካች ተብሎ የሚቀርበው የጥንት ጭፈራ ብዙ ክርክር ያስነሣል። አንዱ ወገን፥ «ጥንታዊ ጭፈራ ለሚያውቀው ብቻ ነው፤ ለማያውቀው እያሳጠሩና እየተረጐሙ ማሳየት ወርቅን በመዳብ መለወጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «እንግዳው ገንዘቡን ይዞ መጥቷልና ያለንን ሁሉ በአንድ ሰዓት አሳይተን እንሸኘው» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ስተዋል እንላለን፤ የፊተኛው ደጁን ስለ ዘጋ፥ የኋለኛው ደጁን ከፍቶ ቤቱን ባዶ ስላደረገ። ይህንንም በማስረጃ እናሳያለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ ጭፈራው ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ጃፓኖች «ማይ» እና «ኦዶሪ» ብለው በሁለት ስም ይጠሩታል። ማይ በዝግታ መዞር ነው፤ ተረከዝን ከወለሉ ሳያነሡ፥ ጉልበትን ሸብረክ ወገብንም ዝቅ አድርገው፥ እግርን እያንሸራተቱ ይሄዱበታል። ኦዶሪ ግን እግርን እያነሡ በምት የሚረግጡት ነው። በእጅ የተያዘች አንዲት ማራገቢያ ስትዘረጋ ማዕበል፥ ስታዘነብል የመጠጥ ጽዋ፥ ስትርገበገብ የሚወርድ በረዶ ትሆናለች። ሦስት አውታር ያለው ሻሚሴን ሲመታ፥ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ያለው ባዶ ጊዜ «ማ» ይባላል፤ ጨፋሪው ይህን ዝምታ ካልጠበቀ ሥራው ሁሉ ፈረሰ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ያልተነገረው ጀማሪ በወንበሩ ላይ ቢያንቀላፋ ጥፋቱ የማን ነው? የእርሱ ነውን? ወይስ ዐይኑ ወዴት እንዲያርፍ ሳይነግር ያስቀመጠው ሰው ነው?

ደጁን የሚዘጉት ሰዎች ጥንታዊነትን መከታ ያደርጋሉ። ነገር ግን ጥንት የሚባለው ሁሉ አንድ ቀን አዲስ እንደ ነበረ ረስተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1869 ወደ ቶክዮ ከተዛወሩ በኋላ፥ ከሺህ ዓመት በላይ መናገሻ ሆና የኖረችው ኪዮቶ ተቀዛቀዘች። ከተማይቱም ፈጽማ እንዳትወድቅ ሹማምንቷና ነጋዴዎቿ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ፤ በ1872ም ጊዮን በሚባለው ሰፈር ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚታይ «ሚያኮ ኦዶሪ» የሚባል ጭፈራ ተሠራ። እስከዚያ ድረስ የጊዮን ጭፈራ በሻይ ቤቶች ክፍል ውስጥ፥ በጥቂት ሰው ፊት የሚታይ ነበረ፤ አስተዋዋቂ የሌለው ሰውም አይገባበትም ነበር። መምህርት ኢኖዌ ያቺዮ ሣልሳዊት ግን የኢሴን አገር የማኅበር ጭፈራ አብነት አድርገው፥ በጠባብ ክፍል የነበረውን ጥበብ በሰፊ አዳራሽ ረድፍ ለያዙ ብዙ ጨፋሪዎች አሰናዱት። መጋረጃው በየመካከሉ ሳይወርድ፥ የዓመቱን ወራት እያሳየ፥ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እነሆ፥ ዛሬ «የጥንት ቅርስ ነውና አትንኩት» የሚባለው ጭፈራ ራሱ ለአዲስ መጪ የተሰናዳ ነበር። ከ1944 እስከ 1949 በጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ በ1950 ተመለሰ። በ2020ና በ2021 በወረርሽኝ ምክንያት ቀረ፤ በ2022 ተመለሰ። የሚጠብቀው ሰው ባይኖረው ኖሮ ወደ ማን ይመለስ ነበር?

ከእነዚሁ ወገን ሊቃውንት ነን የሚሉት ደግሞ የኖን ጨዋታ ሊቅ ዜአሚን ምስክር ይጠራሉ። ዜአሚ በመጽሐፉ፥ ጥበብ ሲሰወር እንደሚከብር አስተምሯልና። ይህስ እውነት ነው። ነገር ግን ቃልን የሚተረጕም ሰው አገባቡን ይመልከት። ዜአሚ የሰወረው ተመልካቹ እንዲደነቅበት ያዘጋጀውን ብልሃት ነው፤ የሰወረውም ከተፎካካሪዎቹ እንጂ ከተመልካቹ ፍቅር አይደለም። በዚያው መጽሐፍ የብዙ ሰው መውደድ የአንድ የጨዋታ ማኅበር መሠረት እንደ ሆነ ያስተምራል፤ አባቱን ካንአሚንም በሩቅ ባላገርና በተራራ መንደር ሳይቀር የሕዝቡን ልብ እያሰበ ይጫወት ስለ ነበር ያመሰግነዋል። እንግዲህ ታላቁ ሊቅ ለባላገር ዝቅ ማለትን ክብር ካለው፥ የዛሬው ደጅ ጠባቂ ውርደት የሚለው ከማን ተምሮ ነው? መጽሐፉም ለአምስት መቶ ዓመት ያህል በጥቂት ቤተ ሰብ እጅ ተዘግቶ ኖሮ፥ በ1909 ዮሺዳ ቶጎ አሳትሞ ለሁሉ ገለጠው። ስለ ተገለጠ ኖ ጠፋን? አልጠፋም፤ ዩኔስኮ በ2008 በሰው ልጆች ቅርስ መዝገብ ጻፈው እንጂ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። በኪዮቶ ከተማ ከ1962 ጀምሮ «ጊዮን ኮርነር» በሚባለው ስፍራ ሰባት ጥበባት፥ ማለት የሻይ ሥርዐት፥ የአበባ አደራደር፥ የኮቶ በገና፥ የቤተ መንግሥት ዜማ፥ የኪዮገን ቧልት፥ የኪዮቶ ጭፈራና የአሻንጉሊት ቴአትር፥ በአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ለመንገደኛ ይታዩ ነበር። አሳቡ ክፉ ነው አንልም፤ ጊዜ የሌለውን መንገደኛ ባዶውን ላለመስደድ የታሰበ ነውና። ነገር ግን ከሰባት ድስት በየጠብታው የቀመሰ ሰው ጠግቤአለሁ አይልም፤ ርቦኛልም አይልም። የጃፓን ጭፈራ «ጆ» «ሃ» «ኪዩ» የሚባል ሥርዐት አለው፤ በዝግታ ይጀምራል፥ በመካከል ይለወጣል፥ በፍጥነት ይፈጸማል። መጀመሪያውን ቈርጦ መጨረሻውን ብቻ የሚያሳይ ሰው ጭፈራውን አላሳጠረም፤ አጠፋው እንጂ። ተመልካችን አበዛለሁ ብሎ የሚታየውን ነገር ካጣ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሳያዩት አየሁት ያሉት አገር ከዚያ ይልቅ አይናፍቅም እንላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሳችን አጭር ነው፤ ቍጥሩን አሳጥሩ፥ ጭፈራውን ግን አታሳጥሩ። ሰባት ቍራጭ ከማሳየት አንድ ሙሉ ማሳየት ይሻላል። ይህም የማይሆን ምኞት አይደለም። በ1966 የተከፈተው የቶክዮ ብሔራዊ ቴአትር ከ1967 ጀምሮ ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች የካቡኪ ትምህርት አቋቁሟል። በመጀመሪያ አንድ ተዋናይ ወጥቶ የመድረኩን አሠራር፥ የሙዚቃውን ድምፅና የአካሉን እንቅስቃሴ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል። አዳራሹ በ2023 ለመልሶ ግንባታ ቢዘጋም ትምህርቱ በሌሎች አዳራሾች ተቀጠለ። ካቡኪዛ የሚባለውም ቴአትር አንድ ገቢር ብቻ ለማየት ለሚሻ ሰው በአነስተኛ ዋጋ ቲኬት ይሸጣል። በ1826 መጀመሪያ የታየችው «ፉጂ ሙሱሜ» የተባለችው የልጃገረድ ጭፈራ በአንድ ጨፋሪ የምትፈጸም፥ ከግማሽ ሰዓት የማትበልጥ ናት፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

አስረጂውም ልክ ይኑረው። ንግግሩ ከጭፈራው በፊት ይሁን፤ አጭርም ይሁን፤ ጭፈራው ሲጀመር ዝም ይበል፤ ዝምታው ራሱ የጭፈራው ክፍል ነውና። ዐይን የሚያርፍበትን ይንገር፤ ልብ የሚሰማውን ግን ለተመልካቹ ይተውለት። ማራገቢያዋ በረዶ እንደምትሆን መንገር ይገባል፤ «አሁን እዘኑ» ማለት ግን አይገባም።

ይህ ክርክር የከንቱ ቃል ጨዋታ አይደለም። የጭፈራ መጽሐፉ የመምህሩ አካል ነው። ከ1905 እስከ 2004 የኖሩት ኢኖዌ ያቺዮ ራብዓዊት ያወቁትን ሁሉ ለደቀ መዛሙርት በአካል ባያሳዩ ኖሮ፥ ትምህርቱ ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። ደቀ መዝሙርም ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ቀን ጭፈራውን አይቶ ከተማረከ ተመልካች መካከል ይወጣል። ያም ተመልካች በመጀመሪያ ቀን ጀማሪ ነበር። ዛሬ በጊዮን ጭፈራን ለመማር የሚገቡት ልጃገረዶች ቍጥር ከቀድሞው እጅግ አንሷል። እንግዲህ ደጁን የዘጋ ሰው ጥበቡን ጠበቅሁ አይበል፤ ወራሹን ከውጭ አስቀርቷልና። ደጁን ከፍቶ ፍርፋሪ የሰጠም እንግዳ ተቀበልሁ አይበል፤ እንግዳውን ሳያበላ ሸኝቶታልና። ደጁ ይከፈት፤ ማዕዱም ሙሉ ይሁን።