በማይክ የሚጠራ ስም

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት ድሮ ከገበያ አያልፍም ነበር። ዛሬ ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥቷል። ደብረ ብርሃን ላይም ሆነ አንኮበር፣ የንግሥ በዓል ደርሶ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ጨረታ ይከፈታል። ጥላው ብድግ ይላል፣ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ይባላል፤ ያሸነፈው ባለሀብት ስሙ በማይክ ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣለችውን እናት ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አያስፈልጋትም የሚል ሰው የለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ የገጠር ካህን ይቸገራል። ጥፋቱ ሕዝቡ ከዚያ ማይክ የሚማረው ነገር ላይ ነው፤ ያለው የተባረከ፣ የሌለው የተረሳ መስሎ ይታየዋል። አንዳንድ የፕሮቴስታንት አዳራሽ ውስጥ «ስጥና እጥፍ ውሰድ» ተብሎ ይሰበካል። በኦርቶዶክሱ በኩል ደግሞ ስለት እንደ ንግድ ውል ተይዟል፤ መኪናው ከመጣ ምንጣፍ፣ ቪዛው ከተመታ ጃንጥላ። በሁለቱም ዘንድ ነጻ አውጪው ገንዘብ ነው፤ እግዚአብሔር አቀባይ ሆኗል።

የሸዋ ታሪክ ግን ገንዘብ ነጻ እንደሚያወጣ አይመሰክርም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በዘመኑ በሀገሩ ከእርሱ በላይ ሀብትና ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ዜና መዋዕሉ የሚተርከው ግን የሚያሳዝን ነው። ንጉሡ መተተኞችን ስለሚፈራ ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀንም ሌሊትም ዳዊት ይደግሙ፣ ጠበል ይረጩ ነበር። በገዛ ልጆቹ ላይ ሳይቀር እጁ ጨከነ፤ የልጁ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ተደብድባ ሞተች። ንጉሡ እምነት አልጎደለውም፤ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰለ ድርሳን የእርሱ ነው። እምነቱን ዙፋን ጠባቂ ሲያደርገው ግን ፍርሃቱ አብሮት አደረ።

አንኮበር ላይ ሌላ ነገር ተደርጓል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጎተራው የሞላ፣ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋር ውል የተዋዋለ፣ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ የተቀበለ ጌታ ነበር። ይህ ሁሉ እያለው የገዛ ሥጋ ዘመዶቹን፣ ዙፋን ይመኛሉ ተብለው፣ በጎንጮ እስር ቤት በሰንሰለት አስሮ ያኖር ነበር። ሐሪስ እንደጻፈው እስረኞቹ 30 ዓመት ያህል በገናና ማበጠሪያ እየሠሩ ጊዜያቸውን ገፉ። ማበጠሪያ! የንጉሥ ዘር በጨለማ ቤት ቁጭ ብሎ ጥርስ በጥርስ እየፈለፈለ። ንጉሡ ክፉኛ ታሞ ከሞት ደጃፍ ሲመለስ፣ በ1835 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰንሰለቱን አስፈታ። ሐሪስ ምክሩ የእኔ ነው ይላል፤ ይበል። ጎተራው እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሙሉ ነበር፤ አንድም እግር ብረት አልፈታም። የፈታው በፈጣሪው ፊት ባዶ እጁን እንደሚቆም የተረዳ ሰው ነው። በዚያ ቀን ነጻ የወጡት እስረኞቹ ብቻ አይደሉም፤ ዘመዶቹን ሲፈራ የኖረው ንጉሥም ጭምር እንጂ።

የዛሬዋ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች። ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ለወጣቱ እንጀራ መሆኑ ደግ ነው፤ ረሃብም ሰንሰለት ነውና። በዚያችው ከተማ ግን ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በመጠለያ ይኖራሉ። ከእነሱ መካከል ከብትና እህል፣ ቆርቆሮ ቤት የነበረው ገበሬ ብዙ ነው፤ የዓመታት ጥሪት በአንድ ሌሊት ቀረ። በማይክ የሚሰበከው እውነት ከሆነ እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር የጣላቸው ናቸው ማለት ነው። ይህን ፊታቸው ቆሞ ሊናገር የሚደፍር ሰባኪ ማን ነው?

ወንጌል የዘኬዎስን ነገር የጻፈው በከንቱ አይደለም። የቀራጮች አለቃ፣ ባለጠጋ ነበር። ክርስቶስ ቤቱ ሲገባ ሀብቱ እጥፍ አልሆነለትም፤ እኩሌታውን ለድኾች ሰጠ፣ የቀማውን አራት እጥፍ መለሰ። ማንም ሳያስገድደው እጁ ተፈታ። የክርስቲያን ነጻነት የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ማይኩን የያዛችሁ አባቶችና ሰባክያን፣ በሚቀጥለው ንግሥ ጨረታውን ተዉት። ሙዳየ ምጽዋቱ ይዙር፤ የሰጪውን ስም የተቀበለው አምላክ ያውቀዋል።