ፕሮፖዛሉ እኔ ጋ ቢመጣ ውድቅ ነበር

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ አቶም ልጽፍ መሆኑን የሰማ ጓደኛዬ «ደግሞ ይሄ ምን አገባህ?» አለኝ። ያገባኛል፤ ነገሩ የገንዘብም ነው።

አቶምን በሌዘር ማቀዝቀዝ ማለት የሚሮጥን አቶም ፊት ለፊት በብርሃን እየገፉ ማዘግየት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙቀቱም ይወርዳል። የአንዱ ግፊት ጉልበት ኢምንት ስለሆነ ግን ሺህ ጊዜ መደጋገም አለበት። ለዚህ ደግሞ አቶሙ ብርሃኑን ውጦ በተፋ ቁጥር ወደ መነሻው መመለስ ይኖርበታል። ሌላ የኃይል ደረጃ ላይ ከቀረ ሌዘሩ አያውቀውም፤ ሌላ ሌዘር ተጨምሮ ይመለሳል። ለሩቢዲየም አንድ ተጨማሪ ይበቃዋል።

ብርቅዬ ከሚባሉት ማዕድናት አንዱ የሆነው ኤርቢየም ግን አቶሙ ሊቀርባቸው የሚችሉ ደረጃዎች ለጉድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሌዘር ሊገዛ ነው? እውነቱን ልናገር፣ እኔ ገምጋሚ ብሆን «አያዋጣም» ብዬ ፈርሜ ምሳዬን እበላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎቹ ማክሌላንድና ሃንሰን ያለ ምንም መላሽ ሌዘር ሞከሩት። ተሳካ! ኤርቢየም ራሱ ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ከሩቢዲየም ሰባት እጥፍ። መንገድ ላይ የቀሩትን አቶሞች የወጥመዱ የማግኔት መስክ ይዞ አቆያቸው፤ ቀስ በቀስ ራሳቸው ወደ መነሻው ወረዱ፣ ሌዘሩም መልሶ ተቀበላቸው። በወረቀት ላይ ኪሳራ ሆኖ የተጻፈው ለካ ተመላሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ2011 የቤንጃሚን ሌቭ ቡድን ዲስፕሮሲየምን (እኛ በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ማግኔት የምናውቀውን)፣ በ2012 ኢንስብሩክ ያለው የፍራንቼስካ ፌርላይኖ ቡድን ኤርቢየምን ከፍጹም ዜሮ እምብዛም ወደማይርቅ ሙቀት አወረዱ፤ አቶሞቹም እንደ አንድ አካል መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ2019 ደግሞ በፒዛ፣ በሽቱትጋርትና በኢንስብሩክ ያሉ ቡድኖች በእነዚሁ አቶሞች እንደ ጠጣር ሥርዓት ይዞ ያለ ሰበቃ የሚፈስ ነገር አሳዩ።

«እኛ ድሃ ነን» የሚለው መልስ ይገባኛል። ነገ ይሄ ላብራቶሪ አዲስ አበባ ይከፈት እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የምርምር ገንዘብ ሲከፋፈል የሙሉው ፕሮጀክት ወጪና የመጀመሪያው ሙከራ ወጪ ለየብቻ ይገምገሙ ነው። የኤርቢየሙ ሙሉ ወጪ ያስደነግጣል፤ ሞክሮ ለማየት ግን የሌዘር መዓት አላስፈለገም። እኔ ያየኋቸው ፎርሞች «የሚጠበቅ ውጤት» የሚል ሰፊ ሳጥን አላቸው። «ሞክሮ ለማየት ስንት ይበቃል?» የሚል ግን አላየሁም።