ስለ ወጣቶችና ስለ እጅ ሙያ

ወላጅ ልጁን ወደ ተማሪ ቤት የሚልከው፥ ነገ ራሱን ችሎ፥ ወላጆቹን ጦሮ፥ ለአገሩም ተርፎ እንዲኖር በማሰብ ነው። የትምህርትም ዋጋ የሚመዘነው ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ከክፍል በወጣ ማግሥት ነው። ያን ጊዜ ጠያቂው መምህሩ መሆኑ ይቀርና ጎረቤትና ገበያ ይሆናል፤ ጥያቄውም «ምን ተማርህ?» መሆኑ ይቀርና «ምን ትሠራለህ?» ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ ወጣት፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት የደከመበት ትምህርት እንደ ሸክም ይከብደዋል እንጂ እንደ ምርኵዝ አይደግፈውም።

በምሥራቅ ጎጃም በማቻከል ወረዳ ያለችው የአማኑኤል ከተማ ይህን ነገር ለሚመረምር ሰው ጥሩ ምሳሌ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በእርስዋ በኩል ያልፋል፤ ዙሪያዋም ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስና ድንች የሚያበቅል ደጋ ነው። ነገር ግን የደጋው መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ፥ አፈሩም ሳያርፍ በመታረሱና በመኮምጠጡ እየደከመ ሄዷል። ለአምስት ወንድማማች የማይበቃ እርሻ ለስድስተኛው ተስፋ ሊሆነው አይችልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ወንበሩ የተቈጠረ ነው። ስለዚህ ከእርሻውም ከወንበሩም የቀረ የገበሬ ልጅ፥ ወይ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ፥ ወይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ፥ ወይም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የቀረለት አይመስለውም።

ቍጥሩ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ለ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ከ890 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ይኸውም ከመቶው 3.3 ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶው 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 አለፉ። ከወደቁትም ለከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ በር ተከፍቶላቸዋል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ልጆች ከፈተናው ወንበር እንኳ ሳይደርሱ ዓመታት አልፈውባቸዋል። ስለ ፈተናውና ስለ አስተማሪዎች ችሎታ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ይገባል። በሩ ስለ ተዘጋባቸው የብዙ መቶ ሺህ ወጣቶች የነገ ኑሮ ግን የተባለው ጥቂት ነው። እነዚህን ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ሐሰት ነው፤ እጃቸው ምን መሥራት እንዲችል ማንም አልጠየቃቸውም፥ አላሳያቸውምም።

ኢትዮጵያ የእጅ ጥበብ ትምህርት ጥቅም ያልገባት አገር አይደለችም። የጠላት ወረራ ባለፈ ማግሥት፥ በ1934 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ተማሪ ቤት ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ተቋም ተመሠረተ፤ ይህም ዛሬ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት ሆኗል። ወደ እነዚህ ቤቶች መግባት ክብር ነበር። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን የሙያ ተማሪ ቤቶች በየአውራጃው ሲበዙ፥ የአገባቡ ሥርዓት ክብሩን ቀነሰው። በዐሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥቡ ከፍ ያለው ተማሪ ወደ መሰናዶ፥ ነጥቡ ያነሰው ወደ ሙያ እንዲሄድ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ የሙያን ቤት የሥራ ቤት ሳይሆን የወደቀ ሰው ማረፊያ አድርጎ ቈጠረው። ያ የዐሥረኛ ክፍል መለያ ዛሬ ቀርቷል፤ በልብ ውስጥ ያስቀመጠው አሳብ ግን አልቀረም። አባትም ልጁ ወደ ሙያ ተማሪ ቤት ሲገባ ለጎረቤቱ በደስታ አይነግርም፤ ያፍርበታል።

የዚህ እፍረት ሥሩ ከፈተናው ይልቅ የቈየ ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ እመቤቲቱ ያለ እንስራ ውሃ አትቀዳም፤ መኳንንቱም ያለ ሸማ አደባባይ አይወጡም ነበር። ሆኖም ማረሻውን የቀጠቀጠውን አንጥረኛ «ቡዳ»፥ ሸማውን የሠራውን ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ»፥ ቆዳውን ያለሰለሰውን ሰው «ፋቂ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ሕዝብ ነው። ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዐዋጁ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ልጅን ለሙያ ሰጥቶ ማክበር ነው። ዛሬ ማንም ባለ ብየዳውን ወይም ባለ ጋራዡን በአደባባይ አይሰድብም። ነገር ግን ለልጁ የሚመኝለትን ሲጠየቅ ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህም ስድቡ መልኩን ለወጠ እንጂ እንዳልጠፋ ያሳያል።

ጎጃም ግን በዚህ ጕዳይ ከሩቅ አገር ከመዋሱ በፊት ከገዛ ቤቱ የሚማረው አለ። ይኸውም የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። በዋሸራ፥ በጎንጅ፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ስሙ የተጠራው የቅኔ ትምህርት፥ ተማሪ ሰምቶ የሚወጣው ትምህርት አይደለም። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ስሕተቱን እዚያው ያርማል። ትንሿ ሳትቃና ወደ ትልቁ መሻገር የለም፤ እንዲህ እያለ በየደረጃው እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የበረታውም ተማሪ ከእርሱ በታች ያለውን ያስቈጥራል። በመጨረሻም በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። የሰው ቅኔ አጥንቶ የሚያስመሰክር የለም፤ የሚመሰከርለት ራሱ መቀኘት የቻለ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አራት ነገሮች ይገኛሉ። ከባለ ሙያ አጠገብ መቀመጥ፥ በየቀኑ አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየት፥ የበላዩ የበታቹን ማስተማር፥ ምስክሩም በተሠራው ሥራ መሆኑ ነው። አናጢነትም፥ ብየዳም፥ የኤሌክትሪክ ሥራም በእነዚሁ በአራቱ እንጂ በሌላ መንገድ አይገኝም። መላጊያ ያልያዘ እጅ ስለ መላጊያ ብዙ ቢጽፍ በር አይወጣለትም። የውሃ መሳቢያ ሞተር ፈትቶ ያልገጠመ ወጣት የሞተሩን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ቢያውቅ፥ ገበሬው በበጋ መስኖው ሲቆምበት አይደርስለትም።

በሕግና በመመሪያ ረገድ ይህ አሳብ አልተዘነጋም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የትብብር ሥልጠናን፥ ይኸውም ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ የሚለውን ሥርዓት፥ አጽንቶ ተቀብሏል። ምዘናውም በሥራ እንዲሆን ታስቧል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል። ጕድለቱ ያለው ሥርዓቱ ከወረቀት ወደ ትንንሾቹ ከተሞች በሚወርድበት ስፍራ ነው። ብዙ ጊዜ ማሠልጠኛው መሣሪያ ያንሰዋል፤ ሠልጣኙ ወደ ጋራዥ ወይም ወደ አናጢ ቤት ሲላክ፥ ባለ ቤቱ እንግዳ እንደ መጣበት ይቈጥረዋል። ጊዜውን ለማስተማር ቢያውል የሚከፍለው የለም፤ ልጁ መጋዝ ቢሰብር የሚተካለት የለም። ስለዚህ ልጁ ጥግ ይዞ ሲመለከት ይውልና፥ ቀኑ ሲደርስ «ተለማምዷል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ከሌላ አገር የሚወሰድ ትምህርት ቢኖር ይህን ጕድለት የሚሞላው ነው። በጀርመን አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 በወጣ ሕግ የጸናው ሥርዓት፥ ወጣቱ ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ ውል እንዲገባ ያስገድዳል። ሠልጣኙ ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን በተማሪ ቤት፥ የበዛውን በሥራ ቦታ ያሳልፋል፤ ሲማርም መጠነኛ ደመወዝ ይቀበላል። ለብዙው ሙያ ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከሠለጠነ በኋላ፥ ባለ ሙያዎች በተቀመጡበት ሸንጎ ሠርቶ ያሳያል። በስዊስ አገርም ከወጣቶች አብዛኞቹ የሚያልፉት በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። የእነዚህ አገሮች ሀብት ለብቻው የተገኘ ሳይሆን፥ ባለ እጅን ከማክበራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ይህንኑ ለአማኑኤልና ለመሰሎቿ ከተሞች በሚስማማ መጠን ማድረግ ይቻላል። በእንደዚህ ያለች የመንገድ ከተማ የሚፈለገው ሙያ የታወቀ ነው። አናጢና ግንበኛ፥ በያጅ፥ ልብስ ሰፊ፥ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ጠጋኝ፥ የባጃጅና የመኪና መካኒክ፥ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ፥ የእጅ ስልክ ጠጋኝ ናቸው። እንግዲህ አስቀድሞ፥ በወላጅ፥ በባለ ሥራ ቤቱና በማሠልጠኛው መካከል የሦስትዮሽ ውል ይጻፍ፤ ልጁ በስንት ወር ምን ሠርቶ እንደሚያሳይ በዚያው ይወሰን። ለሚያስተምረውም ባለ ሙያ የድካሙ ዋጋ በግብር ቅናሽ ወይም በመሣሪያ ይመለስለት። ደግሞም የተመሰከረለት ወጣት ከወረቀቱ ጋር የሙያውን መሣሪያ በብድርም ቢሆን ይቀበል፤ መጋዝ የሌለው አናጢ ከሥራ ፈት አይለይምና። ሦስተኛም፥ የወረዳው ተማሪ ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ፥ የጤና ጣቢያዎች በርና መስኮት፥ ዋጋውና ጥራቱ እስከ ተስተካከለ ድረስ፥ ከሩቅ ከሚገዛ ይልቅ ለእነዚህ ወጣቶች ማኅበር ይሰጥ። በደብረ ማርቆስ ያሉት ዩኒቨርሲቲውና የፖሊቴክኒክ ኮሌጁም በመምህርና በምዘና ሊረዷቸው በቅርብ ይገኛሉ።

በዚህ ሁሉ ሴቶች ልጆች ሊረሱ አይገባም። ልጅቱ ፈተና ብትወድቅ ትዳር ይጠብቃታል እየተባለ መተዋ በአንድ ቤት ግማሹን እጅ አስሮ ማረስ ነው። ስልክ የሚጠግን፥ ልብስ የሚሰፋ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገጥም ጣት የወንድ ብቻ መሆን አለበት የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም።

«ሙያ ተምሮ ገበያ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሁሉም ልብስ ሰፊ ቢሆን ሁሉም ይራባልና። ስለዚህ በየዓመቱ ስንት ሰው በየትኛው ሙያ እንደሚያስፈልግ በወረዳው መቈጠር አለበት። ነገር ግን ገበያውም በሙያው ይፈጠራል። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ጳጕሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚያመነጨው ኀይል ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው ሽቦ በሚዘረጋ፥ ቆጣሪ በሚተክል፥ ሞተር በሚጠግን ሰው እጅ ነው። ባለ ሙያ ያለበት ቀበሌ ወፍጮው በተሰበረ ጊዜ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ከተማ አይጓዝም፤ ለመንገድ የሚያወጣው ገንዘብም በመንደሩ ይቀራል።

«ሰላም ሳይጸና ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚሉም አሉ። ሰላም ለሁሉ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የልጅ ዕድሜ ሰላምን ቆሞ አይጠብቅም። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከተማሪ ቤት የወጣ ልጅ፥ በሩ እንደ ገና ሲከፈት ሃያ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ያሳፍረዋል። ተማሪ ቤት በተዘጋበት ቦታ እንኳ የአናጢው ደጅ፥ የሰፊዋ መኪና፥ የበያጁ እሳት ክፍት ሆኖ ከተገኘ፥ እዚያ ልጅን ማስጠጋት የጠፋውን ዘመን በከፊል መመለስ ነው። ሥራ የያዘ ወጣት የሚያጣው ነገር ስላለው ሰላምን ይወዳል፤ ሥራ ፈቱን ግን የጠራው ሁሉ ይወስደዋል።

የሕዝቡ ተረት «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። ይህ ተረት ለትምህርት ያለውን ፍቅር ያሳያልና መልካም ነው። ነገር ግን የተማረ ማለት ብዙ ክፍል የቈጠረ ብቻ ተደርጎ ከተተረጐመ፥ አገሩ በወረቀት ይሞላል እንጂ በሥራ አይሞላም። በቅኔ ቤት ሳይቀኝ የሚመሰከርለት እንደሌለ ሁሉ፥ በሙያም ቤት ሠርቶ ያላሳየ አይመስከርለት፤ ሠርቶ ያሳየውን ግን ወላጁ በጎረቤት ፊት ስሙን አንሥቶ ያመስግነው፥ ሹሙም ሥራ ሰጥቶ ያክብረው። ለአማኑኤል ልጅ ከቀየው ሳይሰደድ እንጀራውን የሚበላበት መንገድ ከዚህ የቀረበ አይገኝም።