ሦስት ቀን በሮማ ከተማ፤ ምን እንይ፣ ምን እንብላ፣ ለልጆቻችንስ ምን እንንገር?

በጉንደ ወይን፣ በብቸናና በሞጣ አገር የሚኖር ቤተ ሰብ ቀድሞ መንገድ ወጣ ቢባል፣ ወደ መርጡለ ማርያም ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ለንግሥ፣ ቢርቅም ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ነበር። ዛሬ ግን ልጆቻችን በውጭ አገር ሠርተው ካደሩ በኋላ አባትና እናታቸውን «መጥታችሁ እዩኝ» ብለው የሚጠሩበት፣ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛውም ለሥራ ሲሄድ ባለቤቱን አስከትሎ ጥቂት ቀን የሚያርፍበት ዘመን ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን ከአውሮፓ ከተሞች አንዷን መርጠን፣ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ማየት፣ ምን መብላት፣ ምንስ ማድረግ እንደሚገባ ለመግለጽ አስበናል። የመረጥናትም ሮማ ናት።

ሮማን የመረጥንበት ምክንያት ውበቷ ብቻ አይደለም። ከሌሎቹ ከተሞች ይልቅ በእርስዋ ውስጥ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ክፉውም ደጉም፣ በየአደባባዩ ስለሚገኝ ነው። ጎጃሜም ሮማን ሲያይ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የአውሮፓን መንግሥታት ሲጐበኙ፣ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ነበሩ፤ ሮማንም አይተዋል። ከዚያም እጅግ ቀድሞ፣ በመርጡለ ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከው ነበር። አገራችን ከአውሮፓ ጋራ ያላት ትውውቅ የትናንት አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የሦስት ቀን እንግዳ ሁሉን አያይም። ሁሉን አያለሁ ብሎ ከአደባባይ ወደ አደባባይ የሚሮጥ ሰው፣ ማታ ሲገባ እግሩ አብጦ ይገኛል እንጂ በልቡ የቀረ ነገር አይኖረውም። ገንዘቡም የተገኘው በድካም ነውና፣ ለቤቱ ፍሬ ሳያመጣ ቢጠፋ ያሳዝናል። ስለዚህ ጥቂቱን መርጦ፣ ታሪኩን ጠይቆ፣ ረጋ ብሎ ማየት ይሻላል።

ስለ ዝግጅት።— ከጉንደ ወይን የሚነሣ መንገደኛ የመንገዱን ሰላም ጠይቆ፣ በብቸናና በደጀን አድርጎ ወይም በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮማ ይበርራል። የኢጣልያ ቪዛ ጥያቄ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢዘገይ ግን ከ15 ቀን ባላነሰ ጊዜ አስቀድሞ መቅረብ አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ዋስትና ደግሞ ይጠየቃል። ለዚህ ጉዞ ብሎ ወለድ የሚበላ ብድር መግባት ወይም የእርሻ በሬ መሸጥ ግን ከቶ አይገባም። ለመዝናናት ተብሎ የተገባ ዕዳ ተመልሶ የልጆችን መማሪያ ይበላልና።

የመጀመሪያው ቀን፤ ቫቲካን።— በማለዳ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ መልካም ነው። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው፤ ነገር ግን ትከሻና ጕልበት ያልተሸፈነ ሰው አያስገቡም። ለእኛ እናቶች ነጠላቸው ይበቃቸዋል። ወደ ጕልላቱ በክፍያ መውጣት ይቻላል፤ ደረጃው በእግር 551 ነው፤ በአሳንሰር እስከ ሰገነቱ የወጣ ሰውም 320 ደረጃ ይቀረዋል። ስለዚህ ልበ ደካማና አረጋዊ ከታች ቢቀሩ ይሻላል። ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ የተመለከተ ሰው የቫቲካንን የአትክልት ቦታ ያያል። በዚያ ቅጥር ውስጥ፣ ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእግራቸውና በመርከብ የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያርፉበት የነበረ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ስለ ሆነ ሳይፈቀድ አይገባበትም፤ ሊያየው የሚወድ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ።

በዚያ የነበሩት መነኮሳት የሠሩት ሥራ እስከ እኛ ቤት ደርሷል። በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1513 ዓመት በዚሁ በሮማ ነው። አታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ግእዝን የተማረው ከእነዚሁ መነኮሳት ነው። ከዚያ በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በ1649ም አባ ጎርጎርዮስ ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ የተገናኙት በዚህ ነው፤ ሉዶልፍም ከእርሳቸው በተማረው ጀምሮ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። በየኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊት የደገመ የጎጃም አባት ይህን በቦታው ቆሞ ለልጁ ቢነግረው፣ ልጁ ፊደሉን ከቀድሞው አብልጦ እንደሚያከብር አንጠራጠርም።

ሁለተኛው ቀን፤ የአበበ መንገድ።— ከካፒቶሊዮ ኮረብታ ተነሥቶ፣ የጥንቱን የሮማውያን አደባባይ ፍርስራሽ እያዩ፣ ወደ ኮሎሴዮ በእግር መውረድ ነው። ኮሎሴዮ በ80 ዓመት ገደማ የተፈጸመ፣ ሰውና አውሬ ለሕዝብ መደሰቻ ሲገዳደሉ የሚታይበት ትልቅ የትርኢት ቦታ ነበር። ለመግባት ቲኬቱ በስም ስለሚቈረጥ ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል። ከእርሱ አጠገብ የቈመው የድንጋይ ቅስት የንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ነው። ይህም በየዓመቱ በመስቀል በዓል የምናስባት የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ አበበ ቢቂላ ከዚሁ ከካፒቶሊዮ ተነሥቶ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በችቦ ብርሃን ከቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አንደኛ ገባ። የፈጀበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሐውልቱን የፋሺስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም አንሥቶ ወስዶ፣ በ1930 ዓ.ም. በፖርታ ካፔና አደባባይ አቁሞት ነበር። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ልትመልስ ግዴታ ገባች፤ ሐውልቱ ግን አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በአክሱም ተመልሶ መቆሙ ተመረቀ። ዛሬ አደባባዩን የሚያይ ሐውልቱን አያገኝም፤ ባለመኖሩም ደስ ይለዋል። ልጅ «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «የእኛ የሆነ ነገር ነበረ፤ ሳንታክት ጠይቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብሎ መመለስ ይበቃል።

ሦስተኛው ቀን፤ ከተርሚኒ እስከ መስቀሉ ቤተ ክርስቲያን።— ተርሚኒ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ነው። በፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ እነርሱም በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። በአቅራቢያው ያለው መታሰቢያቸው፣ በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሞበት የነበረ ነው፤ አንበሳውም ኋላ ተመልሷል። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ስለ አገሩ ክብር ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ንግሥት እሌኒ ከኢየሩሳሌም አምጥታዋለች የሚባለው የመስቀል ክፋይ የሚገኝበት «ቅዱስ መስቀል በኢየሩሳሌም» የተባለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግሸንን የተሳለመ ሰው ይህንንም ሳያይ ባይመለስ መልካም ነው። ቂምና ጸሎት በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ወላጅ ለልጁ ሁለቱንም በልኩ ማስረዳት ይገባዋል። ወራሪው ክፉ አደረገ፤ ዛሬ በመንገድ የምናገኘው ሽማግሌና ሕፃን ግን ያንን አላደረገም።

ስለ ምግብ።— የሮማ ሰው ፓስታ ካርቦናራና አማትሪቻና ይወዳል፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአሳማ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይወቅ። በፍስክ ቀን በፎርማጆና በቍንዶ በርበሬ ብቻ የሚሠራው ካቾ ኤ ፔፔ አለ። ለጾም ፓስታ በቲማቲም፣ ወይም ፎርማጆ የሌለበት ማሪናራ የሚባለው ፒሳ፣ እንዲሁም በዘይት የተጠበሰው የአርቲቾክ አትክልት ይስማማል። ለአሳላፊው «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡኦቫ» ማለት ሥጋ፣ ፎርማጆና እንቍላል አይግባበት ማለት ነው። ቋንቋው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ ፒያሳ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ እያልን ያደግን ነንና። እንጀራ የናፈቀውም በተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ያገኛል። ቡናን ሮማውያን ቆመው ይጠጣሉ፤ ተቀምጦ ለሚጠጣ ዋጋው ይጨምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ለምናውቅ ለእኛ ግን አንዲት ጕንጭ ቡና ቶሎ ማለቋ ይደንቀናል። ውኃም መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ከ2,000 በላይ የሚጠጣ ውኃ የሚያፈስሱ ቧንቧዎች አሉ።

ስለ ጥንቃቄ።— በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ስለዚህ ፓስፖርትና ገንዘብ በውስጥ ኪስ ይሁን። ልጆች ቢጠፉ የሚያሳዩት የሆቴሉ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ በኪሳቸው ይኑር።

ብዙ ሰው ከጉዞ ሲመለስ ሻንጣው ካልከበደ የሄደ አይመስለውም። በእኛ አስተያየት ግን ለጎረቤት ልጆች ጥቂት የሥዕል ካርዶች መግዛት ይበቃል፤ የሐውልቱ፣ የቅስቱና የጕልላቱ ሥዕል ያለባቸው። ማታ በምድጃ ዙሪያ ካርዱን አንሥቶ «ይህ ቦታ የእኛ ሰዎች ዳዊት ያስተማሩበት፣ ይህም አበበ በባዶ እግሩ የገባበት ነው» የሚል አባት፣ ያልሄዱትንም ልጆች ወስዷቸዋል። ሄዶ ለማየት ያልቻለ ቤተ ሰብም ይህንኑ ለልጆቹ ቢነግር ከጉዞው ፍሬ ተካፋይ ነው።