ተራራው ሲራቆት ከተማው ይጠማል



የአፈርና የውሃ ጉዳይ የገበሬው ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ፓርቲያችን አይቀበልም። ለከተማ የሚጠለፈው ምንጭም ሆነ የሚቆፈረው ጉድጓድ የሚሞላው ተራራው ላይ ሰርጎ በገባ የክረምት ዝናብ ነው። ተራራው ከተራቆተ ግን ዝናቡ አፈራችንን ጠርጎ ዓባይ ይገባል፤ ለበጋ የሚተርፈን ጀሪካንና ወረፋ ነው።

ወሎ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በፊትም ሆነ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ተራሮች ተከለሉ፤ ዛፍ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከተተከለው ብዙው ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገበሬው በትእዛዝ ሠራው እንጂ የእኔ ነው አላለውም።

ሕግ አልጠፋም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት ደንግጎ ነበር። መሬት የሌለውን ወጣት ግን ድንጋጌ ብቻውን ከዳገቱ አያወርደውም፤ አማራጭ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ብንመረጥ፦

1. የተከለለ ተራራ ሣሩም፣ ማሩም፣ እንጨቱም በጽሑፍ ውል ለሚጠብቀው ሕዝብና መሬት ለሌለው ወጣት ይሆናል፤
2. የከተማ ውሃ በጀት ቧንቧ ከመዘርጋት አልፎ የምንጩን ተፋሰስ መጠበቂያ ይይዛል፤
3. ሥራው የሚለካው በተተከለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን በጸደቀው ይሆናል።

ደንቆሮ ጫካ ደጋችን ምን ለብሶ እንደነበር ዛሬም ይመሰክራል። የተራቆተውን ለማልበስ ድምፃችሁን ስጡን።