የሠዓሊት ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት

በመንዝና በግሼ ደጋ ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ፣ የበግ ጠጉር ለቤተ ሰብ ትልቅ ሀብት ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹም ባና አድርገው ይሠሩታል። ከእናቷ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ጥቁሩ ጠጉር ከነጩ እንዴት እንደሚለይ ታያለች፤ ሰፌድ ሲሰፋም ቀለሙ በየስንት ዙር እንደሚመለስ ትማራለች። ነገር ግን ያችው ልጅ ከሰል አንሥታ በግድግዳ ላይ ሥዕል ስትሥል «ቤቱን አቆሸሽሽ» ተብላ ትገሠጻለች። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ምሳሌ የሚሆኑን በዓለም የታወቁት ሠዓሊት ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ ናቸው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወይዘሮ ጁሊ በ1970 በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት ተወለዱ። አባታቸው የጂኦግራፊ መምህር፣ እናታቸውም የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከነበረው ሁከት የተነሣ ቤተ ሰቡ በ1977 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በሚሺጋንም ተቀመጠ።

ወይዘሮ ጁሊ በዚያው በካላማዙ ኮሌጅ ተምረው በ1992 የመጀመሪያውን ዲግሪ ተቀበሉ፤ በመካከሉም በሴኔጋል በዳካር ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በ1997 ከሮድ አይላንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ዲግሪ አገኙ። በ2005 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በኒው ዮርክ ለአንድ ባንክ ሕንፃ የሠሩት ሥዕል ወርዱ 24 ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሜትር ያህል ነው። በ2016 ሥራቸውን ወደ ትውልድ ከተማቸው አምጥተው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳዩ፤ በ2021ም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም የብዙ ዓመት ድካማቸው ባንድነት ተሰብስቦ ታየ።

አሠራራቸውም የሚያስደንቅ ነው። የከተማ ካርታና የሕንፃ ንድፍ አንዱን በሌላው ላይ በስሱ ይደርባሉ፤ ከዚያም በላዩ ጥቃቅን የቀለም ምልክቶች ይበትናሉ። ካርታ ከጂኦግራፊ መምህር ቤት ምን ያህል እንደሚቀርብ አንባቢ ራሱ ያስተውል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ልጅ በወላጆቹ ቤት የሚያየው ሥራ ሁሉ የዕውቀት ዘር መሆኑ ነው። የመንዟ እናት ዲግሪ ባይኖራት እንዝርትና ስፌት አላት፤ ይህም ዓይንን የሚያሠለጥን ትምህርት ነው። ሁለተኛው፣ ዘሩ ጊዜ ካላገኘ የማይበቅል መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ ማክአርተር ሽልማት 13 ዓመት አልፏል። እንግዲህ ትምህርቷን ሳትጨርስ የተዳረች ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ከወዴት ታገኛለች? ከ18 ዓመት በፊት መዳርን ሕጉም ከልክሏል።

የምትሥል ልጅ ሁሉ ስመ ጥር ሠዓሊት ትሆናለች አንልም። አንዷ መምህርት፣ አንዷ የሕንፃ ንድፍ አውጪ፣ አንዷም እጀ ብልህ ባለሙያ ትሆን ይሆናል። ስለዚህ በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከሰል ስታነሣ ከመቈጣት ይልቅ ወረቀትና እርሳስ ስጧት፤ ውኃ ከመቅዳትና እንጨት ከመልቀምም በቀን አንድ ሰዓት አሳርፏት። ወጪው ጥቂት ነው፤ የተነፈገች ልጅ ግን ያጣችውን በኋላ በገንዘብ አትገዛውም።